የአሥራ አንደኛ ክፍል ክበቦችና ቀስቶች

እኔ እንጀራዬን የምበላው ስለ ሰው በማስተማር ነው። ቦንጋ ውስጥ አንድ ኮሌጅ ሳይኮሎጂ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን ያወጣና «ቲቸር፣ ሳይኮሎጂ የተማረ ሰው የሰው ልብ ያነባል?» ይለኛል። ክፍሉ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቅና «አያነብም» ብዬ ወደ ትምህርቴ እገባለሁ። ውሸቴን ነው። ያነባል። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የአንዲት ልጅ ልብ አንብቤ፣ ያነበብኩትን ጮክ ብዬ ለክፍሉ ሁሉ አሰምቻለሁ።

ይህን የምጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው የበደለው ሰው ቤት ድረስ ይሄዳል። እኔም ሄጃለሁ፤ የሄድኩት ግን ለሌላ ጉዳይ ነበር። እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በፎቶኮፒ ነው። ለልምምድ የመጣ አንድ ወጣት መምህር ሥነ ዜጋ ሲያስተምረን ከረመና ሲሄድ የሳይኮሎጂ ሞጁሉን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። ሽፋን የለውም፤ ገጾቹ ይረግፋሉ፤ በየዳርቻው የሰውዬው የራሱ ማስታወሻ አለ። በአንድ ሳምንት ጨረስኩት። የገባኝ ግማሹ ነው፣ የተጠቀምኩበት ግን ሙሉውን ነው።

ትምህርት ቤታችን ደወል የሚባለው ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። ዘበኛው በብረት ይመታዋል። ሞጁሉ ላይ ደወል ሲሰማ ምራቁ የሚዝረበረብ ውሻ አለ። እኔ ደግሞ ከአጥሩ ውጪ ሳምቡሳ ይዛ የምትቆም ሴት ነበረችልኝ፤ ቸርኬው በተመታ ቁጥር ስልሳ ተማሪ ወደ አጥሩ ሲሮጥ እያየሁ «ኮንዲሽኒንግ» እላለሁ። ሞኒተራችን ያወሩ ተማሪዎችን ስም ሰሌዳ ላይ ይጽፍ ነበር። ሁለት ቀን ተከታትሎ የተጻፈ ልጅ በሦስተኛው ቀን ሳይጻፍ እንዳይቀር ብሎ ያወራል። «ይሄ ሌብሊንግ ይባላል» አልኳቸው። ወደዱት። የመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ስለ ሌላ አገር ነበር፤ እኔ ግን ስለ እነሱ ነበር የማወራው።

ከዚያ በዕረፍት ሰዓት ይከቡኝ ጀመር። «እኔስ ምን አለብኝ?» ይላሉ። እኔ ደግሞ እነግራቸዋለሁ። አንዷን «አርፍደሽ የምትመጪው ሁሉም ዞሮ እንዲያይሽ ነው» አልኳት። ሁልጊዜ የሚቀልድ አንድ ልጅ ነበር፤ ክፍሉን በሳቅ የሚገድል። አባቱ የሞተው በዚያ ዓመት ክረምት ላይ ነው። «አንተ የምትስቀው እንዳታለቅስ ነው፤ ዲፌንስ ሜካኒዝም ይባላል» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከዚያ በኋላ ሲቀልድ አልሰማሁትም። ልክ ነበርኩ። መጥፎው ነገር ይኸው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበርኩ።

አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ግን አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። የመጣችው ከማንኪራ ጫካ ማዶ ካለ መንደር ነው። ከተማ ውስጥ ትንሽ ክፍል ተከራይታ፣ ቅዳሜ በእግሯ ቤተሰቦቿ ጋ ሄዳ፣ እሁድ ከሰዓት ቆጮና የተቀቀለ ጎደሬ ተሸክማ ትመለሳለች። ሒሳብ ላይ ማንም አይደርስባትም። በምሳ ሰዓት ግማሹ ክፍል ውጪ ተኮልኩሎ፣ እሷ በእንጨት መሬት ላይ እየጻፈች፣ መምህሩ ያልገለጸልንን ትገልጽልን ነበር። አንድም ቀን «ይሄ እንዴት ይጠፋሻል?» ብላ ማንንም አላሳፈረችም። ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ከእኛ ሰፈር አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ሰው የለም፤ እኔ እጨርሳለሁ»። ዶክተር እሆናለሁ፣ ኢንጂነር እሆናለሁ አትልም። እጨርሳለሁ ነው የምትለው።

ጓደኛዬ ነበረች። ዓመት ሊሞላን ጥቂት እስኪቀረን ድረስ ከአንድ ምሳ ዕቃ በልተናል። እኔ እንጀራ በሽሮ አመጣለሁ፣ እሷ ቆጮ በማር።

ቧንቧው አጠገብ በሽቦ የታሰረች አንዲት የፕላስቲክ ኩባያ ነበረች። ሁላችንም በእሷ ነው የምንጠጣው። ይህቺ ልጅ ግን በመዳፏ ትጠጣለች። ሰልፉ እስኪያልቅ ትጠብቅና፣ ጎንበስ ብላ፣ ሁለት እጇን አጋጥማ ትጠጣለች። መጀመሪያ ንጽሕና ወዳጅ ናት ብዬ ነበር። ከዚያ ሞጁሉ ላይ «ማንኛውም ባህሪ የተማርነው ነው» የሚል ነገር አነበብኩና ይቺ ይሄን ከማን ተማረች ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ብዙም አልፈጀብኝም። እጅ እንደዚያ ሲገጣጠም ከዚህ በፊት አይቻለሁ፤ በራችን ላይ።

እናቴ ደግ ሴት ናት። ጾሟን የምትጾም፣ የታመመ የምትጠይቅ። ከሰል ይዘው የሚመጡ ሴቶች ውኃ ሲጠይቋት አንድም ቀን ከልክላ አታውቅም። ግን በኩባያ አትሰጥም። ከጓሮ የኮባ ቅጠል ቆርጣ፣ እንደ ጽዋ አጥፋ፣ በእሱ ታፈስላቸዋለች። ቅጠሉ ሲያልቅባት ደግሞ ከላይ ታንቆረቁርላቸውና በመዳፋቸው ይጠጣሉ። ሲሄዱ ቅጠሉን ቦዩ ውስጥ ትጥለዋለች። ለምን ብዬ ስጠይቃት «ማንጆ ናቸዋ» አለችኝ፤ ሁሉን ነገር ያስረዳችኝ መስሏት። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ማንጆ የሚባለው ከጫካ ጋር የሚኖር፣ ድሮ አዳኝ የነበረ፣ የማይበላ ሥጋ ይበላል እየተባለ ሌላው የከፋ ብሔር ሰው አብሮት እንዳይበላ፣ እንዳይጋባው፣ ቤቱ እንዳያስገባው የኖረ ሕዝብ ነው። ሕጉ እኩል ናችሁ ብሏል። በስብሰባም ይነገራል። ሰው ግን ከስብሰባ ሲመለስ ቤቱ ያለው ያው የድሮው ኩባያ ነው።

አንድ ቀን ቧንቧው ጋ ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኳት።

«ከኩባያዋ የማትጠጪው ለምንድን ነው?»

እጇ ላይ የነበረው ውኃ ፈሰሰ። ግራ ቀኙን አየች።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ከእጅሽ ነው ያወቅኩት።»

ኩራቴን ብታዩት! አንድ ትልቅ ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። እሷ እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ደጋግማ እየጠረገች ነበር፤ እኔ ክንፍ አውጥቼ ነበር። ከዚያ ነገረችኝ። አንደኛ ክፍል ሳለች ከሰፈራቸው ራቅ ያለ ትምህርት ቤት ገብታ በመጀመሪያው ቀን ከኩባያው ጠጣች። አስተማሪዋ ልጆቹ ኩባያውን በአመድ ሲያጥቡት ቆማ አየች፤ ምንም አላለችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእጇ ነው።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አለችኝ። «እስክጨርስ ብቻ። ከዚያ ራሴ እናገራለሁ።»

«እናቴ ትሙት አልናገርም» አልኳት።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ዕቃዬን ከፈትኩ። እጇን ወደ እንጀራው ስትዘረጋ «ሆዴን አሞኛል፣ አልበላም» አልኩ። እጇን መለሰች። አየችኝ። እኔ ያነበብኳትን ያህል እሷም እንዳነበበችኝ ያወቅኩት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ቆጮዋን ይዛ ከአጥሩ ሥር ሄዳ ትበላለች። እኔ ሞጁሉ ላይ ያለውን የጭፍን ጥላቻ ምዕራፍ በቃሌ አውቀው ነበር።

ያኔ አንድ ለአምስት የሚባል ነገር ነበር። አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ተማሪ ይይዛል፤ አብረው ያጠናሉ፣ አብረው ይገመገማሉ። የእኛ ክፍል ቡድኖች በጠብ ተበጣበጡ። ሆም ሩም ቲቸራችን ጂኦግራፊ የምታስተምር፣ የደከማት ሴት ነበረች። ቢሮ ጠራችኝና «አንቺ ሳይኮሎጂ ታነቢያለሽ ይሉኛል። እስቲ በሳይንሳዊ መንገድ አከፋፍይልኝ» አለችኝ። ለእኔ እንዲህ ያለ ነገር! ሶሲዮግራም የሚባል አለ አልኳት። ሁሉም ሰው ስሙን ሳይጽፍ ወረቀት ይሞላል፤ ከማን ጋር መሆን ይፈልጋል፣ ሁለት ስም። ከማን ጋር አይፈልግም፣ አንድ ስም፣ ከነምክንያቱ። ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ ክብ ይሆናል፣ ምርጫው ደግሞ ቀስት። ማን ተወዳጅ እንደሆነ፣ ማን ብቻውን እንደቀረ ቁጭ ብሎ ይታያል።

«ጥሩ ነው፣ አንቺው ሥሪው» አለችኝ።

ሐሙስ ወረቀቱን ሰበሰብኩና ቤቴ ወስጄ አልጋዬ ላይ ዘረገፍኩት። ቀስቶቹ ሁሉ ወደ እሷ ሮጡ። አንዱን ወረቀት አነሳለሁ፣ እሷ ናት። ሌላውን አነሳለሁ፣ እሷ ናት። ከማን ጋር አትፈልጉም የሚለው ላይ ስሟን የጻፈ አንድም ሰው የለም። እዚያ ላይ የበዛው የእኔ ስም ነው። ምክንያታቸውንም ጽፈዋል። «ታስፈራለች»። «ሰው ታዋርዳለች»። አንዱ «ስታየኝ ልብሴን ያወለቅሁ ይመስለኛል» ብሏል። የእጅ ጽሑፉን አውቀዋለሁ፤ ያ ቀልደኛ የነበረው ልጅ ነው።

እኔን የመረጠ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር። እሱንም የጻፈችው እሷ ናት። ዓመት ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ ፊደሏ አይጠፋኝም። ምሳዬን ከከለከልኳት በኋላ፣ ከአጥሩ ሥር ብቻዋን እየበላች፣ የእኔን ስም አንደኛ አድርጋ ጽፋለች።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ሆዱ ይባባ ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ። ያዘነችልኝ መሰለኝ። እሷ! ለእኔ! ከጫካ የመጣች፣ እናቴ ደጃፍ በቅጠል ውኃ የሚሰጣቸው ሰዎች ዘር፣ ለእኔ ታዝናለች? ይሄ ነው በውስጤ የተናገረው፤ አለሳልሼ አልጽፈውም። የራሴን ወረቀት ገና አልሞላሁም ነበር። ባዶ ወረቀት አነሳሁ። ከማን ጋር ትፈልጋለህ የሚለውን ሁለት መስመር እንዲሁ ሞላሁት። ከማን ጋር አትፈልግም የሚለው ላይ የእሷን ስም ጻፍኩ። ምክንያት የሚለው ላይ «ማንጆ ናት» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፌን እንኳን አልለወጥኩም፤ የማነበው እኔ ነኝ፣ ማን ያየዋል ብዬ።

አርብ ሰሌዳው ላይ ክበቦቹንና ቀስቶቹን ሣልኩ። ደስ አላቸው፤ አንዳንዱ ያፏጫል፣ አንዳንዱ ክቡን እያየ ይቁነጠነጣል። ቲቸር ጥግ ላይ ተቀምጣ የፈተና ወረቀት ታርማለች። የጓደኛዬ ክብ ሰሌዳው መሃል ላይ ነበር፣ ቀስት በቀስት ሆኖ። ልጅቷ በእጇ አፏን ሸፍና ስትስቅ አየኋት። ደስታዋን ለመደበቅ ነው።

ከዚያ የማይፈለጉትን ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ የራሴን አነበብኩ፤ ሁሉንም፣ አንድ በአንድ። ይሄን ያደረግኩት እንዲያምኑኝ ነው። «ለራሷ እንኳን አላዳላችም» ተባባሉ። ያን ካገኘሁ በኋላ የእሷን ስም ጠራሁ።

«ምክንያት፣ ማንጆ ናት።»

የቲቸር ብዕር ቆመ። ውጪ ዘበኛው ሳል ሲያስለው ሁሉ ይሰማል።

«ማን ነው ይሄን የጻፈው?» አለች ቲቸር።

«ስም አልተጻፈም፣ ቲቸር» አልኩ። «እኔ ያለውን ዳታ ነው የማነበው።»

ቲቸር ተነሳች። ስለ እኩልነት፣ ስለ ሕገ መንግሥቱ፣ ስለ ኋላ ቀር አመለካከት ተናገረች። ጥሩ ንግግር ነበር። አንዳንዱ ራሱን ይነቀንቃል። ንግግሯን ጨርሳ ልትቀመጥ ስትል ግን ወደ ልጅቷ ዞረችና፣ በለስላሳ ድምፅ፣ እንደ እናት፣ «ግን እውነት ነው እንዴ?» አለቻት።

አስተማሪ ሲጠይቀን ቆመን ነው የምንመልሰው። ልጅቷም ቆመች።

«አዎ፣ ቲቸር።»

ስትቀመጥ ወደ እኔ አላየችም። መውጫ ሰዓት ላይ ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ከወረቀቶቹ መሃል ፈልጋ አንዱን አወጣች። አነበበችው፣ አጠፈችው፣ ደብተሯ ውስጥ አስገባችው። ከዚያ መሬቱ ላይ ቦርሳዬ ወድቆ ነበርና አንስታ ወንበሬ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ሰኞ ዴስኳ ላይ የኮባ ቅጠል ተቀምጦ ነበር። በጥንቃቄ እንደ ጽዋ ታጥፏል፤ ያጠፈው ሰው ቤቱ ያየው ነው። ቧንቧው ጋ ያለችው ኩባያ ጠፋች። ያቺ ልጅ አንድም ቀን ነክታት አታውቅም፤ ይሄን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ አልተናገርኩም። በዚያ ሳምንት እሷን የመረጡት ልጆች አንድ በአንድ፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ እየጠሩኝ፣ ወረቀታቸውን እንድቀይርላቸው ለመኑኝ። ቲቸር ፈቀደች። ሰሌዳውን አጥፍቼ እንደገና ሣልኩ። ልጅቷን ቲቸር የፊት ወንበር ላይ ብቻዋን አስቀመጠቻት፣ ለትኩረት ይሻላታል ብላ። አንድ ለአምስት ሲደለደል እሷ ጋ የሚሄድ ጠፋ፤ እሷን ብቻዋን እንደ አንድ ቡድን መዘገብናት። ሒሳብ ከዚያ በኋላ ማንም መሬት ላይ አልገለጸልንም፤ ብዙዎቻችን ወደቅን።

ወሬው እናቴ ጋ ደረሰ። «ዓመት ሙሉ ከእሷ ጋር ስትበዪ ነበር?» ብላ ምሳ ዕቃዬን አውጥታ ጣለችው። እኔ ደግሞ ተነስቼ ጮህኩባት። ጭፍን ጥላቻ፣ ስቴሪዮታይፕ፣ ኢን ግሩፕ፣ አውት ግሩፕ፣ ሞጁሉን ከነምዕራፉ አወረድኩባት። ሰው ነሽ ወይ አልኳት። እናቴ አለቀሰች። ሰኞ በተገዛልኝ አዲስ ምሳ ዕቃ ሽሮዬን ይዤ ሄድኩ።

ልጅቷ ሁለት ሳምንት ቆየች። ብዙዎቻችን በማግስቱ የምትቀር መስሎን ነበር። እየመጣች፣ እየጻፈች፣ እየሠራች ሁለት ሳምንት። በመጨረሻው ቀን፣ ዕረፍት ላይ፣ ቧንቧው ጋ ሄደች። አዲስ ኩባያ ታስሮ ነበር። ሰልፍ ያዘች፤ ከፊቷ የነበሩት ሸሹላት። ኩባያውን አነሳች፣ እስከ አፉ ሞላችው፣ ቆማ፣ ሳትቸኩል ጠጣችው። መልሳ ሰቀለችው። ከዚያ ክፍል ገብታ ቦርሳዋን ይዛ በበሩ ወጣች። ያን ኩባያ ዓመቱ እስኪያልቅ ማንም አልነካውም፤ አረንጓዴ አብቅሎበት ቀረ።

እኔ ጨረስኩ። ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ሳይኮሎጂ ተማርኩ፣ አስተማሪ ሆንኩ። ለሁለተኛ ዲግሪዬ የመረጥኩት ርዕስ የገጠር ሴት ልጆች ትምህርት ለምን ያቋርጣሉ የሚል ነበር። አትሳቁ። እኔም ርዕሱን ስመርጥ እሷ ትዝ አላለችኝም፤ ወይም ትዝ አላለችኝም ብያለሁ።

ለመጠይቁ ከደረሱኝ ቀበሌዎች አንዱ ከማንኪራ ማዶ ነበር። መንገዱ እስካለ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አንድ ቤት አሳየችኝና «እዚህ አቋርጣ የተቀመጠች አለች፤ ጎበዝ ነበረች ይላሉ» ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። ደጅ ላይ እንዲደርቅ የተሰጣ ቡና አለ። ሴትየዋ ልጅ አዝላ ወጣች። ወዲያው አወቀችኝ፤ ፊቷ ግን አልተለወጠም።

«ይግቡ» አለችኝ፣ በአንቱታ። «መንገዱ ሩቅ ነው፤ ውኃ ልስጥዎት።»

በብርጭቆ ሰጠችኝ። ንጹሕ ብርጭቆ ነው፤ እያየኋት ነው ያጠበችው። እጄ ከአፌ ሳይደርስ አንዴ ቆመ። ለትንሽ፣ በጣም ለትንሽ። ዲግሪዬም፣ ሞጁሌም፣ ዕድሜዬም ያችን ትንሽ ነገር አላጠፏትም። እሷም አየቻት። ከዚያ ጠጥቼ ጨረስኩ፣ የመጨረሻዋን ጠብታ ሳይቀር፣ አየሽልኝ በሚል ዓይነት።

መጠይቁን አወጣሁ። ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የልጆች ብዛት። በትሕትና መለሰችልኝ።

«እስከ ስንተኛ ክፍል ተማሩ?»

«አሥር ይበሉት» አለች። «አሥራ አንድን አልጨረስኩትም።»

ቀጣዩ ጥያቄ ትምህርት ያቋረጡበት ዋና ምክንያት የሚል ነበር። ምርጫዎቹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። አነበብኩላት። ሀ፣ የትምህርት ቤት ርቀት። ለ፣ ጋብቻ። ሐ፣ የቤተሰብ አቅም ማነስ። መ፣ ሌላ፣ ይገለጽ።

«የመጨረሻውን ይድገሙልኝ።»

«ሌላ፣ ይገለጽ።»

«እሱ ነው።»

«ምን ብዬ ልጻፍ?» አልኩ።

ልጇ ማልቀስ ጀምሮ ነበር። ከጀርባዋ አወረደችው፣ ታቅፋ አባበለችው። ከዚያ አንቱታውን ተወችው።

«እንደዚያን ቀን ጻፊው» አለችኝ። «የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል።»

ልጁን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ወረቀቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። መስመሩ አጭር ነበር፤ ሁለት ቃል ይበቃዋል። እስክሪብቶዬን አነሳሁና ሀ ላይ አከበብኩ።